ቅስቀሳ ምን መቀስቀስ ነው?

በ2013 ዓ.ም. ስድስተኛው አገር አቀፍ ምርጫ ሊደረግ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ አርባ ምንጭ ሲቀላ፣ መንገድ ዳር ሙዝ ዘርግተው ከሚሸጡ አንዲት እናት ፊት ቆሜ ነበር። ሞንታርቦ የጫነች ፒክአፕ ቀስ እያለች መጣች፤ መንገዱ በባጃጅና በሰው ተጨናንቆ ስለነበር እኛው ፊት ስትደርስ ቆመች። ከኋላ ማይክ የጨበጠ ወጣት ቆሟል። ድምፁ ያምራል፣ ላቡ በግንባሩ ይንቆረቆራል፣ የሚናገረውንም ከልቡ ያምንበታል። ንግግሩ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስለ ሌሎቹ ነበር፤ ሌሎቹ ምን ዓይነት ሰዎች እንደሆኑ፣ ማን እንደላካቸው፣ ቢመረጡ አገሪቱን ለማን አሳልፈው እንደሚሰጧት። የየትኛው ፓርቲ ልጅ እንደነበረ መጻፍ አያስፈልግም፤ ለያዝኩት ነገር አይረባም። ሴትዮዋ ሙዙን በጨርቅ እየወለወሉ አዳመጡትና ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «ስለ እነዚያስ ነገረን፤ እሱ ራሱ ምን ሊያደርግልን ነው የመጣው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ከዚያ በኋላ የሆነውን ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ፤ ዓመታት አልፈው እንኳ ያልለቀቀኝ ግን ይህ ጥያቄያቸው ነው።

ይህን ሥራ እኛ ቅስቀሳ ብለን ነው የምንጠራው። ቃሉ ጆሯችን ስለለመደው አንመረምረውም እንጂ ሁለት ፊት አለው። እናት ልጇን ለትምህርት ትቀሰቅሰዋለች፤ የሌሊት ደወል ምእመኑን ይቀሰቅሳል። በዚህ በኩል መቀስቀስ ማለት የተኛው ሰው ዓይኑን እንዲገልጥ፣ በገዛ ዓይኑ እንዲያይ፣ በገዛ እግሩ እንዲቆም ማድረግ ነው። ጠብም ይቀሰቀሳል፤ የተረሳ ቂም፣ የዳነ የመሰለ ሕመምም ይቀሰቀሳል። በዚህኛው በኩል ግን የሚነሣው ሰውየው ሳይሆን በሰውየው ውስጥ የተኛ አንድ ነገር ነው፤ ያ ነገር ሲነሣ ደግሞ ሰውየው ራሱ እንቅልፍ ይወስደዋል፤ ማየቱን፣ ማመዛዘኑን፣ መጠየቁን ይተዋል። ቋንቋችን አደጋውን የሚያውቀው ይመስል ከቀሰቀሰ አጠገብ ቆሰቆሰ የሚባል ቃል አስቀምጧል። እሳት ይቆሰቆሳል፤ ነገር ቆስቋሽ የሚባል ሰውም በየመንደሩ አለ። ከቀስቃሽ እስከ ቆስቋሽ ያለው ርቀት ከንፈርን ሾል የማድረግ ያህል ነው። እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው፤ ሌላው በአንተ ላይ እሳት እየቆሰቆሰ፣ ስምህን እያጠለሸ፣ አንተ የተኛውን ሰው ብቻ እየቀሰቀስክ መቀጠል ይቻልሃል ወይ? ከተቻለስ እንዲህ ያለው ቅስቀሳ በትክክል ምንድን ነው?

መጀመሪያ የሚመጣልን መልስ ቀላል ነው። ቀና ቅስቀሳ ማለት ስለ ሰው ክፉ አለመናገር ነው እንላለን፤ ስለ መንገዱ፣ ስለ ውኃው፣ ስለ ሙዙ ዋጋ ተናገር፣ ሌላውን ተወው። ደግ መልስ ይመስላል። ጠጋ ብለው ሲያዩት ግን ደግነቱ የሚጠቅመው በሥልጣን ላይ ያለውን ሰው ነው። ስለ ሙዝ ዋጋ የምር መናገር ከጀመርን ገበሬው ማሳው ላይ ቆሞ ዋጋውን ደላላ የሚቆርጥለት ለምንድን ነው ብለን መጠየቃችን አይቀርም፤ ይህን ከጠየቅን ደግሞ እስከ ዛሬ ያስተዳደረው ሰው ምን ሲሠራ ነበር ማለታችን ነው። ጉዳይን ከሰው ለይቶ መናገር የሚቻለው ችግሩ ከሰማይ የወረደ እንደሆነ ብቻ ነው። ለዚህ ነው «ገንቢ ትችት» የሚለው ሐረግ በአገራችን የተጓዘበትን መንገድ ሳስብ የምሰጋው። ሐረጉ በራሱ ነውር የለበትም፤ ነገር ግን የትኛው ትችት ገንቢ፣ የትኛው አፍራሽ እንደሆነ የሚፈርደው ራሱ ተተቺው ሲሆን፣ የቀረው ገንቢ ትችት ምስጋና ብቻ ይሆናል። የንግግርን ጨዋነት በሕግ መወሰንም ተሞክሯል፤ በጥቅምት 2002 ዓ.ም. ገዥው ኢሕአዴግ፣ መኢአድ፣ ኢዴፓና ቅንጅት የምርጫ ሥነ ምግባር ደንብ ተፈራረሙ፤ የተቃዋሚዎች ጥምረት የነበረው መድረክ ሳይፈርም ቀረ፤ ደንቡም አዋጅ ቁጥር 662/2002 ሆኖ ታወጀ። ስም ማጥፋትን፣ ማስፈራራትን፣ ሕዝብን ለጠብ ማነሣሣትን ይከለክል ነበር፤ ቅን ሰው ሊቃወመው የሚችል ቃል ብዙ አይገኝበትም ነበር። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ በተደረገው ምርጫ ከ547 የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች 545ቱን ገዥው ግንባርና አጋሮቹ ያዙ። ይህን ያመጣው ደንቡ ነው አልልም፤ ውጤቱ ከደንቡ ውጭ ብዙ ምክንያት አለው። ነገር ግን ከዚያ ምክር ቤት አንድ ነገር ተምሬያለሁ። ተቃራኒ እምብዛም የሌለበት ቤት ፍጹም ጨዋ ንግግር ሊሰማበት ይችላል፤ ጨዋነቱ ግን ምን እንደተነገረ እንጂ ማን እንዳልተናገረ አይነግረንም። ስለዚህ ክፉ አለመናገር ብቻውን የምፈልገው ትርጉም ሊሆን አይችልም።

ሁለተኛው መልስ ዝምታ ነው። ሲሰድቡህ ዝም በል፣ ዝም አይነቅዝም ብለውናል አበው። እውነት ነው፣ ዝምታ አይነቅዝም፤ ዝም ያሉለት ውሸት ግን ይነቅዛል ማለት አይደለም። በቅሎ፣ አፍርቶ፣ የሰው ስም ሆኖ ይቀራል፤ ስም ደግሞ ከመቃብር በላይ ይውላል። የ1997ቱን ምርጫ ያየ ትውልድ ይህን ጭንቀት ያውቀዋል። በዚያ ዓመት በሬዲዮና በቴሌቪዥን የተላለፉት ክርክሮች አገሩን በመጀመሪያው ትርጉም ቀስቅሰውት ነበር፤ ስለ መሬት ይዞታ፣ ስለ ማዳበሪያ ዕዳ፣ ስለ ትምህርት ፖሊሲ ታክሲ ውስጥ የማይተዋወቁ ሰዎች ይከራከሩ ነበር፤ እንዲህ ያለ ንቃት ከዚያ በፊት አላየሁም። ምርጫው ሲቃረብ ግን ገዥው ፓርቲ ተቃዋሚዎቹን የሩዋንዳን እልቂት ከፈጸመው ከኢንተርሃምዌ ጋር አመሳሰላቸው። እንዲህ ላለው ቃል ምን መልስ ይሰጣል? «እኔ ኢንተርሃምዌ አይደለሁም» ያለ ሰው ስሙንና ያንን ቃል በአንድ ትንፋሽ ጠርቷቸዋል፤ ሰሚው ወደ ቤቱ ይዟቸው የሚሄደው ሁለቱን አንድ ላይ ነው፣ «አይደለሁም» የምትለዋ ግን መንገድ ላይ ትወድቃለች። ዝም ያለም አምኗል ይባላል። መልሶ የከፋ ስም ያወጣ ደግሞ ስም የማውጣቱን ሥራ ሕጋዊ አድርጎታል። ፍረጃ የምንለው ነገር ጉልበቱ እዚህ ላይ ነው። ፍረጃ የሐሳብ ክርክር አይደለም፤ ለሰሚው «ይህን ሰው መስማት አያስፈልግህም» የሚል የስንብት ደብዳቤ ነው። ከምርጫው በኋላ በተነሣው ሁከት 193 ሰላማዊ ዜጎችና 6 ፖሊሶች እንደሞቱ አጣሪ ኮሚሽኑ አረጋግጧል። እነዚህን ሰዎች የገደለው ቃል ብቻ ነው ማለት ገዳዮቹን ነጻ ማውጣት ይሆናል፤ ቃሉ ምንም አላደረገም ማለት ግን የቃልን ሥራ አለማወቅ ነው።

ሦስተኛ መልስም አለ፤ ብዙ ቅን ሰዎች የሚወድቁበት እሱ ስለሆነ ነው የማነሣው። «እኛ እንደነሱ አንሳደብም፤ እኛ የሐሳብ ሰዎች ነን» ይላል። ይህን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ አዳምጬዋለሁ፤ በደንብ ሲሰሙት ውስጡ ስድብ አለ። ጨዋነቱን ለውድድር ያቀረበ ሰው ተፎካካሪውን ባለጌ ብሏል፣ ያውም ባለጌ የሚለውን ቃል ሳያወጣ፣ ስለዚህም መልስ ሊሰጥበት በማይቻል መንገድ። በጎነት ስለ ራሱ መናገር ሲጀምር መሣሪያ መሆን ይጀምራል። ታዲያ ቀና ቅስቀሳ ስለ ክፉ ዝም ማለትም ካልሆነ፣ ጥቃትን ችሎ መቀመጥም ካልሆነ፣ ደግነትን ማወጅም ካልሆነ ምን ቀረው?

የቀረው፣ እንደሚመስለኝ፣ አማርኛ ሐሜትንና ወቀሳን ከለየበት ቦታ ላይ ይገኛል። ሁለቱም የሰውን ጥፋት ይናገራሉ፤ አንዳንዴም ያንኑ ጥፋት፣ በዚያው ቃል። ልዩነታቸው በቃሉ መራራነት አይደለም፤ ወቀሳ ከሐሜት እጅግ ሊመር ይችላል። ልዩነታቸው ሰውየው የት ነው የሚለው ላይ ነው። ወቃሽ ተወቃሹ ፊት ቆሞ ይናገራል፤ ፊቱ ሲለዋወጥ ያያል፤ «አይደለም» ሲለው ይሰማል፤ ከነገሩ በኋላም አብሮት ቡና ሊጠጣ ይችላል። ሐሜተኛ ግን ሰውየው ቢመጣ ንግግሩን ያቋርጣል። ወቀሳ መልስ ይፈልጋል፤ ሐሜት የሚፈልገው ሰሚ ብቻ ነው። በድሮው ሙግታችን፣ ዛፍ ጥላ ሥር፣ ተሟጋቹ ባላጋራውን ፊት ለፊት ይዞ «ተጠየቅ» ይለው ነበር፤ ይህ ቃል ሳስበው ያስደንቀኛል። ክፉ ነህ አላለውም፣ ሌባ ነህ አላለውም፤ የመጠየቅ ዕዳ ጣለበት፣ በዚያው ቅጽበት ግን የመመለስ መብት ሰጠው። አንድ ቃል ሁለቱንም በአንድነት ተሸክሟል። እንግዲህ ቀና ቅስቀሳ ማለት የተፎካካሪን ጥፋት የማይናገር ሳይሆን፣ ተፎካካሪው ትይዩ ተቀምጦ እየሰማ ያለ ያህል የሚናገር፣ ለመልሱም ቦታ የሚተው ንግግር ነው ብል ወደ ጥያቄዬ የቀረብኩ ይመስለኛል።

የአርባ ምንጭ አካባቢ ሕዝብ የሆኑት ጋሞዎች ለእንዲህ ያለው የፊት ለፊት ንግግር ቦታ ሠርተውለታል፤ ዱቡሻ ይሉታል። ከአርባ ምንጭ ሽቅብ ወደ ዶርዜና ወደ ጨንቻ የወጣ ሰው ሜዳውን አይቶት ይሆናል። አንድ ቀን ማንም በሌለበት ሰዓት ከአንዱ ዱቡሻ ገብቼ ከመቀመጫ ድንጋዮቹ አንዱን በእጄ ዳስሼው ነበር፤ ላዩ ከመቀመጥ ብዛት እንደ ወፍጮ መጅ ልስልስ ብሏል፣ ጎኑ ግን እስከ ዛሬ ሻካራ ነው። ስንት ሰው ተከሶ እዚያ ላይ ተቀምጦ ይሆን? ስንቱስ ከሶ? ድንጋዩ አይለይም። ሸንጎው በምርቃት ይከፈታል፤ አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ተራውን ይጠብቃል፣ ነገሩ እስኪስማሙ ድረስ ይመላለሳል። ፈረንሳዊው አንትሮፖሎጂስት ማርክ አቤሌስ ከአባያ ሐይቅ በላይ ገደል ጫፍ ላይ የተቆረቆረችውን የኦቾሎን ሸንጎዎች አጥንቶ በ1983 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ ሲያወጣ፣ ፖለቲካ የሚባለው ነገር ቦታው የት ነው ብሎ ነበር የጠየቀው። እኔ ጥያቄውን ቃል በቃል ወስጄዋለሁ፤ ፖለቲካ ቦታ ያስፈልገዋል፤ ያውም አንድ ሳይሆን ትይዩ የሆኑ ሁለት መቀመጫዎች።

ነገር ግን ትርጉሜን ለመፈተን ከዱቡሻው የተሻለ ነገር ስለሌለ፣ ጉድለቱንም ከዚያው መጀመር አለብኝ። በዚያ ሸንጎ በልማድ ሴቶች አይቀመጡም ነበር፤ ሸክላ ሠሪዎችና ቆዳ ፋቂዎችም ከሙሉ ባለመብትነት ተገልለው ኖረዋል። ፊት ለፊት ተቀምጦ በመግባባት የሚወስን ጉባኤ ስለተቀመጡት ሁሉ ፍትሐዊ ሆኖ፣ ስላልተቀመጡት ግን ሲነጋገር ውሎ ሊገባ ይችላል፤ ያ ደግሞ ባልኩት መለኪያ ሐሜት ነው። ሁለተኛው ጉድለት ጠባብነቱ ነው። ዱቡሻ ሁሉም ሁሉን የሚያውቅበት አገር ነው። ሞንታርቦ ግን ትይዩ ድንጋይ የለውም፤ ፌስቡክና ቴሌግራምም የላቸውም። በእነዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚነገረው እዚያ ስለሌለ ሰው ነው፤ መሣሪያው ራሱ ወደ ሐሜት ያዘነበለ ነው። ሦስተኛውና ለእኔ ከባዱ ጉድለት፣ ፊት ለፊት ሊቀመጡ የማይችሉ ሰዎች መኖራቸው ነው፤ የሞቱ፣ የታሰሩ፣ የጠፉ። ስለ እነሱና ስለ በዳዮቻቸው ማን፣ እንዴት ይናገር?

ለዚህኛው የቺሊ ሰዎች አንድ መልስ አግኝተዋል። በ1988 እ.ኤ.አ. ወታደራዊው ገዥ ፒኖቼ በሥልጣን ይቆይ ወይስ አይቆይ ተብሎ ሕዝበ ውሳኔ ሲጠራ፣ ለሁለቱም ወገን ለ27 ቀናት በየቀኑ 15 ደቂቃ የቴሌቪዥን ጊዜ ተሰጠ። ከ15 ዓመት አፈናና ግድያ በኋላ «አይሆንም» ባዮቹ ያንን ጊዜ በሬሳና በክስ ሊሞሉት ይችሉ ነበር፤ ብዙ የተበደለ ሰውም የጠበቀው ያንን ነበር። እነሱ ግን የቀስተ ደመና ምልክት ይዘው ደስታ እየመጣ ነው አሉ፤ ተቃራኒያቸው ደግሞ እነዚህ ከመጡ ሽብርና ረሃብ ይመጣል እያለ ያስፈራራ ነበር። 56 በመቶ ያህል ድምፅ አግኝተው አሸነፉ። ከዚያ ሁሉ ፕሮግራም እኔን የሚይዘኝ ግን አንዲት አጭር ትዕይንት ናት። ኩዌካ የሚባለው የአገሩ ጭፈራ የሁለት ሰው ጭፈራ ነው፤ ባሎቻቸውና ልጆቻቸው ተወስደው የጠፉባቸው ሴቶች ብቻቸውን ጨፈሩት። በትይዩ መቆም የነበረበት ሰው ቦታ ባዶ ሆኖ ታየ። ማንንም ገዳይ ብለው አልጮሁም፤ ነገር ግን ከዚያ የበረታ ክስ አላውቅም፤ «የት አደረስካቸው?» ተብሎ የተጠየቀ ሁሉ መልስ የሚጠበቅበት ክስ ነበር። ቀና ቅስቀሳ ኀዘንን አይደብቅም፤ ኀዘኑን ጥያቄ አድርጎ ያቀርበዋል።

የመሣሪያው ጉድለት ግን አልተፈታም። አንተ ቦታ ትተህለት እየተናገርክ፣ እሱ ቦታ ሳይተውልህ ቢናገርስ? እዚህ ላይ የዶርዜ ነብር ይረዳኛል። ዳን ስፐርበር በዶርዜ ቆይቶ በ1974 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ዓለም ያወቀው ነገር ነው፤ ዶርዜዎች ነብር ክርስቲያን እንስሳ ነው፣ ረቡዕና ዓርብ ይጾማል ይላሉ፤ ከብታቸውን ግን ረቡዕና ዓርብም እንደ ሌላው ቀን ይጠብቃሉ። ስፐርበር ይህን ያነሣው ሰው አምናለሁ ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ለመመርመር ነበር። እኔ ግን ከዚህ ውስጥ አንድ የፖለቲካ ጥበብ አያለሁ። ነብሩ ይጾማል ማለት ነብሩ ከእኛ ሥርዓት ውጭ የሆነ ፍጡር አይደለም፣ እሱንም የሚመለከት ሕግ አለ ማለት ነው፤ አውሬ ብለህ አልፈረጅከውም። ከብቱን መጠበቅ ማለት ደግሞ ሕግ ያለበት ሁሉ ሕጉን ያከብራል ብለህ አልተሞኘህም ማለት ነው። ሁለቱ የሚጋጩ የሚመስሉት በአንድ ጥያቄ ላይ ሁለት መልስ ስለመሰሉን ነው፤ በእርግጥ ግን ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን ነው የሚመልሱት፤ እሱ ማን ነው የሚለውንና እኔ ምን ላድርግ የሚለውን። የሚጠቃው እጩም እንዲሁ ነው። ተፎካካሪውን እንደ ጿሚ ይጠራዋል፤ ከብቱን ግን ያለ ጠባቂ አይተውም። ውሸቱን በዚያው ቀን፣ አንድ ጊዜ፣ በማስረጃ ያርማል፤ ቃሉ ከክርክር አልፎ ወደ ጥላቻ ከሄደ አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ወደ ምርጫ ቦርድ፣ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ደግሞ ወደ ፍርድ ቤት መንገድ ይከፍቱለታል፤ ከዚያ ተመልሶ ወደ ሙዙ ዋጋ ይሄዳል። ጥበቃው ረጅም እንዳይሆን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ ነብር ሲጠብቅ የዋለ ሰው ማሳው ሳይታረስ ይመሻል፤ አጥቂውም ከመጀመሪያው የፈለገው ይህንኑ ነው።

እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ ግን ስለ ተፎካካሪ ነበር። ጋሞ ያስተማረችን ትልቁ ነገር ስለ ተፎካካሪ አይደለም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና አካባቢዋ ብዙ ሰው ተገደለ፣ ብዙ ሺህ ሰው ተፈናቀለ፤ ከተጎጂዎቹ ብዙዎቹ ከጋሞ የሄዱ ሸማኔዎችና ቤተሰቦቻቸው ነበሩ። ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ ወጣቱ ገንፍሎ ወጣ፤ በከተማው ባለ የሌሎች ንብረት ላይ ሊበቀል ተነሣ። የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው መንገዱ ላይ ተንበረከኩ። ምስሉን ያላየ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። ጉልበታቸው አስፋልት ላይ ነው፤ የሚለማመጠው እጅ በዕድሜ የተሸበሸበ ነው፤ ሣሩ ገና ጤዛው ያልደረቀ ይመስላል። በጋሞ ወግ እርጥብ ሣር ይዞ የተንበረከከን ሽማግሌ ረግጦ ማለፍ ጎሜ ነው፤ ያለፈውን ብቻ ሳይሆን ዘሩንና አገሩን ሁሉ የሚከተል ነውር። ወጣቶቹ ቆሙ፤ ንብረቱም ዳነ።

ይህን ምስል ለብዙ ጊዜ የሰላም ምልክት አድርጌ ብቻ ሳየው ኖሬ፣ በኋላ አንድ ነገር አስተዋልኩ። አባቶች የተንበረከኩት በጠላት ፊት አይደለም። የገዛ ልጆቻቸው ፊት ነው የተንበረከኩት፤ ያውም የሚያለቅሱ፣ የተበደሉ፣ ቁጣቸው እውነተኛ ምክንያት ባለው ልጆች ፊት። ቀና ቅስቀሳን የሚያከብደው ይህ ነው እንጂ የተፎካካሪ ስድብ አይደለም። ጥቃት ሲመጣ «መልስ ስጥ እንጂ! ምን ትጠብቃለህ? ፈራህ እንዴ?» የሚለው ከጎንህ የተሰለፈው ደጋፊህ ነው። መድረክ ላይ ስለ ውኃ መስመር ስትናገር ጭብጨባው ቀዝቀዝ ይላል፤ የሌላውን ስም ስታነሣ ሜዳው ይናወጣል። እጩው ያን ጊዜ ፊቱን ወደ ገዛ ወገኑ አዙሮ፣ «ቁጣችሁ ገብቶኛል፣ ግን በዚህ አልሄድም» ማለት አለበት፤ ለዚህ ደግሞ ድምፅ ሊያጣበት ይችላል። ከወገን ፊት መንበርከክ ከጠላት ፊት ከመቆም የበለጠ ድፍረት የሚጠይቅበት ጊዜ አለ። ሌላም ያስተዋልኩት አለ። ሣሩ ብቻውን ማንንም አያስቆምም፤ ሣር ነው። ያስቆመው ወጣቶቹ ጎሜን ማወቃቸው ነው። ስለ አባቶች ብዙ ተነግሯል፣ ይገባቸዋልም፤ ስለ ቆሙት ልጆች ግን ማንም ሲናገር አልሰማሁም፤ የድርጊቱ ግማሽ የእነሱ ነበር። እግሩን አንሥቶ መልሶ ያስቀመጠ ወጣት ምን እየተሰማው አስቀመጠው? ምናልባት የቀና ቅስቀሳ ምሥጢር ያለው በተናጋሪው አንደበት ላይ ሳይሆን እዚያ፣ በተነሣውና በተመለሰው እግር ላይ ነው። ሰሚው የማያልፈው ነገር ከሌለው ተናጋሪው የሚይዘው ሣር ሁሉ ገለባ ነው። እኛስ፣ አድማጮቹ፣ በምርጫ ሰሞን የማናልፈው ነገር ምንድን ነው? ስለ ሌላው የሚነገረውን ክፉ ስንሰማ ቅር ይለናል እንላለን፤ ግን እናዳምጣለን፣ ለጓደኛ እንልካለን፣ ስንልከውም ደስ ይለናል። ይህንን ደስታ ከራሴ ውስጥ አግኝቼዋለሁ፤ ስለዚህ ስለ ተናጋሪዎቹ ብቻ መጻፍ አልቻልኩም።

ወደ ሲቀላ ልመለስ። መልስ ስላልነበረኝ ሴትዮዋ እኔን ትተው ወደ መኪናዋ ቀና አሉ። «አንተ ልጅ!» አሉት፤ በሞንታርቦው ጩኸት መሃል እንዴት እንደሰማቸው አላውቅም። «ና እስቲ ውረድ።» ወጣቱ ወደ ሾፌሩ አየ፤ መንገዱ አሁንም ዝግ ነው። ማይኩን እንደያዘ ዘሎ ወረደ። ራሳቸው ይቀመጡባት የነበረችውን ዱካ ከሥራቸው አውጥተው ገፋ አደረጉለትና እሳቸው መሬቱ ላይ ጆንያ አነጠፉ። «አይ እማማ፣ እቆማለሁ» አለ፤ «ተቀመጥ፣ አንገቴ አመመኝ» አሉት። ተቀመጠ። ጉልበቶቻቸው ሊነካኩ ምንም አልቀራቸውም፤ በመካከላቸው ያለው የሙዙ ክምር ብቻ ነው። «ይህን ከገበሬው በስንት እንደሚረከቡት ታውቃለህ?» ብለው ጠየቁት። ማይኩ አልጠፋም ነበር። የሴትዮዋ ድምፅ ከፒክአፗ ላይ ወጥቶ በሲቀላ መንገድ ላይ አስተጋባ፤ የባጃጅ ሾፌሮች ዞረው አዩ፤ ከማዶ ካለው ሻይ ቤት ሰዎች ብርጭቆአቸውን እንደያዙ በር ላይ ወጡ። ወጣቱ ማይኩን አየው፣ ሴትዮዋን አያቸው፣ አውራ ጣቱን ማጥፊያው ላይ አሳረፈ፤ ከዚያ አነሣው፤ ማይኩንም ወደ እሳቸው ጠጋ አደረገላቸው።